አንድ ክፍያ፣ ሦስት ዓይነት ሰዓት

1736593652።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ስልክ ቁጥር ነው። አኃዙም አሥር ነው። ብትደውሉበት ግን የሚያነሳ የለም፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ "ቅዳሜ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ" ይላል። በኪሳችሁ የያዛችሁት ስልክ፣ የቴሌግራም መልዕክታችሁ፣ ብር የምትልኩባቸው አብዛኞቹ ሲስተሞች ውስጥ ውስጡን ጊዜ የሚቆጥሩት በዚህ ዓይነት ቁጥር ነው። ወደ እኛ ሲወጣ ግን ተተርጉሞ ነው። ጣጣው የሚመጣው ትርጉሙ ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር ነው።

"ይሄ የፕሮግራመሮች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ልክ ናችሁ። ግን ብር ልካችሁ "አልደረሰኝም" ወይም "ሁለቴ ልከሃል" የሚባል ነገር እስኪመጣ ድረስ ብቻ።

ዝንጅብሉ ተመዘነ፣ ብሩ ተላከ

ቦምቤ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው ዝንጅብል አምራች ነው። ድሮ (ድሮ ስል ብዙም ሩቅ አይደለም) ዝንጅብል ሲሸጥ ብሩ በእጅ ይቆጠር ነበር፤ የሚያይ ሰው ይኖራል፣ ያ ሰው ምስክር ይሆናል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ፤ ባንኮቹም የየራሳቸውን መተግበሪያ ይዘው መጡ። ዛሬ ጆንያው ሚዛን ላይ እያለ ብሩ በስልክ ይሄዳል። ደረሰኙም ምስክሩም ስልኩ ሆነ ማለት ነው።

ጥር 2017 ላይ አንድ ነጋዴ ከአንድ ገበሬ ዝንጅብል ገዛና 18,400 ብር በስልክ ላከ። ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ መጣ። "ያንተን ሒሳብ ሁለት ጊዜ ልኬያለሁ፤ አንዱን መልስልኝ" አለ። ማስረጃም ነበረው። አንደኛው ከገንዘብ ማስተላለፊያው የደረሰው አጭር መልዕክት ነው፤ ሰዓቱ 14:07:32 ይላል። ሁለተኛው ከዚያው አገልግሎት ያወረደው የሒሳብ ፋይል ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ያው ቀን፣ ያው 18,400 ብር፣ ያው ተቀባይ፣ ሰዓቱ ግን 11:07:32። ሠራተኛው ሁለቱንም ደብተሩ ላይ እንደ ሁለት ክፍያ መዝግቧቸዋል። የዚያን ቀን ከብዙ ገበሬ ስለገዛ ቀሪ ሒሳቡን አይቶ መለየት አልቻለም።

14:07 ለእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ከ7 እንደሆነ ነጋዴው ያውቃል፤ ዝንጅብሉ የተመዘነበት ሰዓት ነው። 11:07ን ግን እንዳለ አነበበው፦ 11 ሰዓት ከ7፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወደ ሶዶ ከመመለሱ በፊት። በፈረንጅ ሰዓት ቢያነበው ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ7 ይሆንበት ነበር። በዚያ ሰዓት ደግሞ ገና አልተገናኙም። ስለዚህ ያለው አማራጭ ማታው ነው ብሎ ደመደመ። አስቡት፣ ሰውዬው አልዋሸም። የያዘው ወረቀትም አልዋሸም።

ገበሬው በበኩሉ "የደረሰኝ አንድ ነው" ይላል። "መልዕክቱን ሳታየው አጥፍተኸው እንዳይሆን" ይሉታል። ብሩ ለልጁ የኮሌጅ ክፍያ ከሄደ ቆይቷል። ማንም ሌባ አላለውም። ግን ቃሉ ሳይነገር ሁሉም ሰምቶታል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር ከብሩ ይልቅ ስምን ነው የሚበላው።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔም ተጠራሁ። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ላፕቶፕ የያዘ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ መጀመሪያ ያየሁት ደቂቃና ሰከንዱን ነው። 07:32 እና 07:32። አንድ ነው። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ልቅም ያለ 3 ሰዓት ነው፤ አንዲት ሰከንድ እንኳ አልተረፈም፣ አልጎደለም። ሰው ሁለት ጊዜ ብር ሲልክ እንዲህ አይገጥምለትም። ቀጥሎ የግብይት ቁጥሩን አየን፤ ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ ያው ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ የራሱ ቁጥር ስለሚሰጠው ሁለት ክፍያ አንድ ቁጥር ሊጋራ አይችልም። ነገሩ አለቀ። ነጋዴውም ይቅርታ ጠየቀ፤ ገበሬውም ተቀበለ።

አንድ ሽማግሌ ግን አልረኩም። "ልጄ፣ ክፍያው አንድ ከሆነ ማሽኑ ለምን ሁለት ዓይነት ሰዓት ያወራል?" አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የእሳቸው ጥያቄ መልስ ነው።

የማን ሰዓት ነው?

እኛ አገር አንድ ቅጽበት በሦስት ሰዓት ይነበባል።

የመጀመሪያው የማሽኖቹ ሰዓት ነው። ዩቲሲ ይባላል። ለንደን ውስጥ ባለችው ግሪንዊች ሲቆጠር የኖረው ሰዓት ዘመናዊ ተተኪ ነው ማለት ይቻላል። ኮምፒውተሮች ይህን የመረጡት በቀላል ምክንያት ነው። አንድ መልዕክት ከቦምቤ ተነስቶ በሌላ አገር ሰርቨር በኩል አልፎ ዋሽንግተን ሲደርስ ሁሉም በየአገሩ ሰዓት ቢመዘግብ የትኛው እንደቀደመ አይታወቅም ነበር። ዋሽንግተን እኮ ከእኛ ጋር ያላት ልዩነት ራሱ ይቀያየራል፤ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት። ስለዚህ ማሽኖቹ በአንድ ሰዓት ተስማሙ፤ ወደየአገሩ መተርጎሙን ለመጨረሻው ስክሪን ተዉለት።

ሁለተኛው "የፈረንጅ ሰዓት" የምንለው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ሲሆን ከዩቲሲ በ3 ይቀድማል። ኬንያም፣ ታንዛኒያም፣ ጅቡቲም፣ ኤርትራም ይህንኑ ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው የእኛው ነው፤ ቀኑ በንጋት የሚጀምርበት። ከፈረንጁ በ6 ያንሳል።

እንግዲህ የነጋዴው ነገር ግልጽ ነው። ሲስተሙ ክፍያውን በዩቲሲ 11:07 ብሎ መዘገበ። አጭር መልዕክቱን የጻፈው ክፍል 3 ደምሮ 14:07 አደረገው። ፋይሉን የሚያወጣው ክፍል ግን ሳይደምር እንዳለ አወጣው። ሰዎቹ ደግሞ ኑሯቸውን የሚያሰሉት በ8 ሰዓት ከ7 ነው። 11:07፣ 14:07፣ 8:07። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱም ግን የማን እንደሆነ አይናገርም።

ቁጥሩን በእጅ እንፍታው

አሁን ወደ አሥር አኃዙ ቁጥር። አብዛኛው ኮምፒውተር ጊዜ የሚቆጥረው ከአንድ መነሻ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። መነሻው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በዩቲሲ እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ጋ ያኔ ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። የአንዳንድ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ሞቶ ሲነሳ ቀኑ "1970" የሚለው ለዚህ ነው፤ ቆጠራው ዜሮ ላይ ወድቆ ነው።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱና አብረን እንሂድ። አንድ ቀን 86,400 ሰከንድ አለው። 1736593652ን በ86,400 ስታካፍሉ 20,099 ሙሉ ቀን ይወጣል፤ 40,052 ሰከንድ ይተርፋል።

መጀመሪያ ቀኑ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 እስከ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ድረስ 55 ዓመት ነው። 55 በ365 ሲባዛ 20,075። በመሃል ጳጉሜን 6 የሆነችባቸው ዓመታት አሉ፦ ከ1963 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ እስከ 2015 ድረስ 14 ናቸው። ሲደመር 20,089። ከ20,099 የቀረው 10 ቀን ነው። ከታኅሣሥ 23 ላይ 10 ቀን ስትቆጥሩ ጥር 3 ቀን 2017። አያችሁ፣ በፈረንጅ ካላንደር ማለፍ እንኳ አላስፈለገንም። የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ስለሆነ ስሌቱ እንዲያውም ይቀላል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። 40,052ን በ3,600 ስታካፍሉ 11 ሰዓት ይሆንና 452 ሰከንድ ይተርፋል፤ እሱም 7 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው። እንግዲህ 11:07:32 በዩቲሲ። 3 ደምሩ፣ 14:07:32። 6 ቀንሱ፣ 8:07:32። በቃ።

ልብ ካላችሁ 3 ደምሮ 6 መቀነስ ማለት በአጭሩ 3 መቀነስ ነው። ስለዚህ ዩቲሲ ያያችሁበት ቦታ ሁሉ 3 ብትቀንሱ የሐበሻው ሰዓት ይመጣል። ውጤቱ ከዜሮ ከወረደ ወይም ዜሮ ከሆነ 12 ደምሩ፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንሱ። 19:30 ከሆነ፣ 16:30፣ ከዚያ 4:30፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው።

ስልካችሁ ላይ የሚጠቅማችሁ

ዩቲሲ መሆኑን በምን እናውቃለን? ፋይሉ ላይ ቀኑና ሰዓቱ "ቲ" በምትባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ተያይዘው መጨረሻው ላይ "ዜድ" ካለች ዩቲሲ ነው። በዜድ ፋንታ "+03:00" ካለ ደግሞ 3ቱ ተደምሯል፤ እናንተ 6 ብቻ ቀንሱ። ምንም ምልክት ከሌለው ጠርጥሩ። በዚያ ቀን የምታውቁትን አንድ ክፍያ ፈልጉና አወዳድሩ።

ቁጥሩ አሥር አኃዝ ከሆነ ሰከንድ ነው። አሥራ ሦስት ከሆነ የሰከንድ ሺህኛ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሦስት አኃዞች ጣሏቸው።

ኤክሴል ወይም የጉግል ሺት የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩን በ86400 አካፍሉ፣ 25569 ደምሩበት፣ ለሦስቱ ሰዓት ደግሞ 0.125 ደምሩ። ሴሉን የቀንና የሰዓት ዓይነት አድርጉት። በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያወጣላችኋል።

አንድ ወጥመድ ልንገራችሁ። በዩቲሲ ከ21:00 እስከ 24:00 ያለው ጊዜ እኛ ጋ ቀኑ ከተቀየረ በኋላ ነው። ፋይሉ "11፣ 22:00" ካለ ለእኛ 12ኛው ቀን ገብቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ባልንጀራችሁ "ቅዳሜ ሌሊት ላኩልህ" ቢላችሁ ደግሞ የትኛው ሌሊት? ለቅዳሜ አጥቢያ ወይስ ለእሑድ አጥቢያ? ቋንቋችን መለያ ቃል አለው፤ ተጠቀሙበት።

በገንዘብ ብቻ የሚቆም አይደለም

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ላይ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ አልፈዋል። በዚያው ወር መጨረሻ የወጣው የመጀመሪያ ደረጃ የምርመራ ሪፖርት አውሮፕላኑ የተነሳበትን ሰዓት 05:38 ይለዋል። በዓለም ዙሪያ ያለው አቪዬሽን የሚሠራው በዩቲሲ ነው። በአዲስ አበባ ያ ቅጽበት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነበር። ከ6 ደቂቃ በኋላ ሁሉም ነገር አለቀ። መርማሪዎች በሰከንድ ለሰከንድ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ነው የአውሮፕላኑን ችግር ያሳዩት። ያለ አንድ የጋራ ሰዓት ይህ አይሆንም ነበር። ግን ሪፖርቱን ከፍቶ "05:38" የሚያይ ቤተሰብ፣ ዘመዱ በየትኛው ሰዓት እንደተነሳ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማስላት አለበት። ዩቲሲ ለምርመራ ትክክል ነው፤ ለሰው ግን መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ትርጉም ያስፈልገዋል።

ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው?

የእኛ ሰዓት ኋላ ቀር ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ ግራ መጋባት የሚሉ አሉ። አይደለም። ከምድር ወገብ ብዙም ሳይርቅ ለሚኖር ሰው ፀሐይ ስትወጣ መቁጠር መጀመር በጣም ምክንያታዊ ነው። ቦምቤ አካባቢ ረጅሙና አጭሩ ቀን ያላቸው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛው ነው የሚቆጥሩት።

በኢኮኖሚክስ የግብይት ወጪ የሚባል ነገር አለ። ከዕቃው ዋጋ ውጭ መረጃ ለማጣራት፣ ለመተማመን፣ ለመካሰስ የሚወጣ ጊዜና ብር ነው። አንድ ሲስተም ሰዓቱን ሳይተረጉም ሲያወጣ ሥራው አልጠፋም፤ ከፕሮግራመሩ ወደ ገበሬው ተገፋ እንጂ። ፕሮግራመሩ አንዴ ጽፎ ለሁሉም የሚሠራውን፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየቀኑ በራሱ ጭንቅላት ይሠራዋል። የማይችለው ደግሞ ሽማግሌ ያስቀምጣል።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ቋንቋችንም ቀድሞ ሠርቶታል። እኛ "8 ሰዓት" ብለን አናቆምም፤ "ከቀኑ 8 ሰዓት" ነው የምንለው። ከጠዋቱ፣ ከቀኑ፣ ከምሽቱ፣ ከሌሊቱ። እነዚህ አራት ቃላት ሰዓቱ የማን እንደሆነና የቱ እንደሆነ አንድ ላይ ይናገራሉ። "ከቀኑ 8:07" የሚል ደረሰኝ ማንም በፈረንጅ ሰዓት አያነበውም። በዩቲሲ ከ03 እስከ 09 ከጠዋቱ፣ ከ09 እስከ 15 ከቀኑ፣ ከ15 እስከ 21 ከምሽቱ፣ ከዚያ ወዲያ ከሌሊቱ ነው። ለፕሮግራመር ጥቂት መስመር ነው። ካላንደሩ እንኳ የዩኒኮድ የቋንቋ መረጃ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ ሰዓቱን ነው በእጅ መጻፍ ያለበት። ሶዶም፣ አዲስ አበባም ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

እስከዚያው ብር ስትልኩ ለተቀባዩ የግብይት ቁጥሩን አብራችሁ ላኩለት። ሰዓቱን ስትጽፉ "ከቀኑ" ወይም "ከምሽቱ" በሉ። ሒሳብ ስታመሳክሩ መጀመሪያ የግብይት ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ደቂቃና ሰከንዱን፣ መጨረሻ ላይ ሰዓቱን እዩ። ደቂቃና ሰከንዱ ገጥሞ ሰዓቱ በ3፣ በ6 ወይም በ9 ከተለያየ ሰው ከመጠርጠራችሁ በፊት ሰዓቱን ጠርጥሩ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ቀጠሮ ልያዝላችሁ። በቆዩ ኮምፒውተሮችና መሣሪያዎች ላይ ይህ የሰከንድ ቆጠራ መጨረሻ አለው፤ 2147483647 ሲደርስ ቦታ ያልቅበታል። በቀጣዩ ሰከንድ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ 1894 ዓ.ም ላይ፣ ምኒልክ ዘመን ውስጥ ይወድቃል። አዳዲስ ስልኮች ይህን ተሻግረውታል፤ የየመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ማሽን ግን ከአሁኑ መፈተሽ አለበት። ቀኑን አስልቼዋለሁ፦ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። አዎ፣ የጥምቀት ዕለት፣ ታቦታቱ ጥምቀተ ባሕር አድረው ሊነጋ ሲል። ማክሰኞ ነው የሚውለው።